ሥራ ሲደራረብባችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ነው። ሰኔ ለሂሳብ ሠራተኛ ምን እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ስለሚሆን፣ ዓመቱን ዝም ብሎ የከረመው ክፍል ሁሉ የግዥ ጥያቄውን ታቅፎ ይመጣል። በዚያ ላይ የካዝና ቆጠራ፣ የንብረት ቆጠራ፣ ያልተወራረደ የውሎ አበል አለ። ደመወዙም አለ።

ዛሬ እናንተን ሳይ ዓመቱ ሙሉ ሰኔና ሰኞ የገጠመባችሁ ይመስለኛል። ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት፣ መሃል ላይ የታክሲ ሰልፍ። ቴሌግራሙ አያርፍም። ከየት ልጀምር ስትሉ ቀኑ ይመሻል። ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ስለዚህ ራሳችሁን አትውቀሱ።

መጀመሪያ ያለባችሁን ሁሉ ወረቀት ላይ አውጡት። ትንሽ ትልቅ አትበሉ። የመብራት ክፍያም ይሁን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ጻፉት።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይሄ ዛሬ ባይሠራ ማን ይጎዳል? እኛ ዘንድ ደመወዝ ሁልጊዜ ይቀድም ነበር። ግን በየደቂቃው የሚደውለው ደመወዝ ጠባቂው አልነበረም። የፅዳት ሠራተኛዋ ቢሮ ገብታ አትጮህም። የሚጮኸው የመኪና ጎማ ቶሎ ይገዛልኝ የሚለው ኃላፊ ነው። ትርፍ ጎማው ሁለት ቀን ቢቆይ ምንም አይመጣም። የእሷ ደመወዝ ሁለት ቀን ሲዘገይ ግን አከራይ በር ላይ ይቆማል። ስለዚህ ማን እንደጮኸ ሳይሆን ማን ዝም ብሎ እየጠበቀ እንደሆነ እዩ።

ቀን የተቆረጠለት ሥራም አለ። ከደመወዝ የተቀነሰ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ከአሠሪው 11 ከመቶ የሚዋጣው ጡረታ በወቅቱ ገቢ መሆን አለበት። ይህ በልመና አይራዘምም። የእናንተም የምዝገባና የፈተና ቀን እንደዚያው ነው። ፊርማችሁን ብቻ የሚጠብቅ ወረቀት ካለ ደግሞ ቶሎ ልቀቁት። እናንተ ጋ ሲያድር የሌላው ሰው ሥራ ይቆማል። ሲስተም ሲኖር የሲስተሙን ሥሩ፤ ደረሰኝ መደርደር መብራት ሲጠፋም ይደርሳል።

ለቅሶ ከዚህ ሁሉ ሂሳብ ውጭ ነው። ሂዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። እኛ አገር አለቃ ሲያዝ መልሱ እሺ ነው። ጠዋት አንዱን እሺ፣ ከምሳ በፊት ሌላውን እሺ፣ ከሰዓት ሦስተኛውን እሺ። እምቢ ማለት ንቀት ይመስላል፣ ይገባኛል። እምቢ በሉ አልልም። ያለባችሁን አሳዩና ምርጫውን ለሚያዘው ሰው ስጡት። እንዲህ በሉ፦ "ጋሼ፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር እጄ ላይ ነው፣ ዛሬ እስከ 11:30 ማለቅ አለበት። የእርስዎን ሪፖርት ካስቀደምኩ ደመወዙ ለነገ ያድራል። የቱን ላስቀድም?" ይህን በአክብሮት የሚጠይቅ ሰው ደፋር አይባልም፣ አይናቅምም። እኔም ኃላፊ ሆኜ እንዲህ የሚጠይቀኝን ሠራተኛ እወደው ነበር። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁሉንም እሺ ብሎ የሚወጣው ነው። የትኛው እንደቀረ የማውቀው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነዋ።

ማምሸትን ደግሞ መፍትሔ አታድርጉት። የሂሳብ ሰው ሁለት ድምር አልገጥም ሲለው ልዩነቱን መጀመሪያ ለ9 ያካፍለዋል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት 72 የነበረው 27 ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ስህተት በብዛት የሚገባው በደከመ ዓይን ነው። ማታ በጥድፊያ የገባችውን አንዲት ቁጥር ለማግኘት በማግሥቱ ግማሽ ቀን የሂሳብ መዝገብና የክፍያ ሰነድ ሲገለበጥ ይዋላል። ከደከማችሁ ዝጉና ወደ ቤት ሂዱ፣ ብሉ፣ ተኙ።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን የነገን የመጀመሪያ ሥራ ወረቀት ላይ ጻፉ። አንድ ብቻ። ፋይሉንም አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። ጠዋት 2:30 ስትገቡ ስልካችሁን ሳትከፍቱ እሱን ጀምሩ።