«ከምን ላይ?» ፐርሰንትና ድፍን ቁጥር ስለማስተማር፣ የሐዋሳ መምህራንና ወላጆች ጥያቄዎች

ከሐዋሳ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መምህራንና ከወላጆች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹ በአንድ ላይ ተመልሰዋል።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል መምህር፣ ታቦር)፦ ተማሪዎቼ −3 − 2 = 5 ብለው ይጽፋሉ። ለምን ሲባሉ «ማይነስ በማይነስ ፕላስ ነው» ይላሉ። ደጋግሜ ባርማቸውም ይመለሱበታል።

መልስ፦ ጥፋቱ ያለው አረፍተ ነገሩ ላይ ነው። «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የማባዛትና የማካፈል ሕግ ነው። እዚህ ግን የሚባዛ ነገር የለም። ተማሪው ሁለት ሰረዝ አየና ሕጉን መዘዘ። ሰረዟ ግን ሁለት ሥራ አላት፤ አንዴ የቁጥሩ ምልክት ናት፣ አንዴ ደግሞ የመቀነስ ትእዛዝ። ሁለቱም «ማይነስ» እየተባሉ ከተነበቡ ልጁ የሚለይበት ነገር የለውም።

ስለዚህ አነባበቡን ይለዩት። የቁጥሩ ምልክት ሲሆን «ኔጋቲቭ 3»፣ ትእዛዝ ሲሆን «ሲቀነስ 2»። −3 − 2 ማለት «ኔጋቲቭ 3 ሲቀነስ 2» ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የቁጥሩን ምልክት በቀይ ጠመኔ፣ ትእዛዙን በነጭ ይጻፉ። «ማይነስ» የሚለውን ቃል እርስዎም ጭምር ይተዉት፤ ከተማሪው ይልቅ መምህሩ ነው የሚረሳው።

ጥያቄ፦ በቆርኪ ማስተማር ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ቢያስረዱ?

መልስ፦ ለሁለት ተማሪ 20 ቆርኪ ይበቃል። ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ቆርኪው ራሱ ሁለት ገጽ አለው። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ሲሆን +1፣ በጀርባው ሲንጋለል −1። (በሳሙና ይታጠብ፣ አለዚያ ጉንዳን ክፍሉን ይወርሳል።) አንድ ቀና እና አንድ የተንጋለለ ሲገናኙ ዜሮ ናቸው፤ ተጣምረው ከጠረጴዛው ይወጣሉ።

3 + (−5)፦ ሦስት ቀና፣ አምስት የተንጋለለ ይቀመጣል። ሦስት ጥንድ ይወጣል። ሁለት የተንጋለሉ ይቀራሉ፤ መልሱ −2።

አስቸጋሪው 2 − (−3) ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀና ብቻ አለ፣ ጥያቄው ግን ሦስት የተንጋለለ አውጣ ይላል። የለም! እዚህ ላይ ሦስት ዜሮ ጥንድ ይጨመራል፤ ማለትም ሦስት ቀና ከሦስት የተንጋለለ ጋር። ዋጋው አልተለወጠም፣ አሁንም 2 ነው። ከዚያ ሦስቱ የተንጋለሉት ይወጣሉ፤ አምስት ቀና ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጥንዱን ሲጨምሩ ነው። ተማሪው የሚፈልገውን የተንጋለለ ብቻ ያመጣና ያንኑ መልሶ ያወጣል፤ መልሱ 2 ይሆንበታል። ስለዚህ ከማውጣቱ በፊት «አሁን ጠረጴዛው ላይ ያለው ዋጋ ስንት ነው?» ብለው ያስቁሙት። 2 ካላለ ጥንዱ ጎድሏል። ሌላው ስህተት ማውጣትን ከመገልበጥ ጋር ማምታታት ነው። መገልበጥ ተቃራኒን ለማሳየት፣ ለምሳሌ −(−3) 3 መሆኑን ለማሳየት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሌላ ቀን ይሁን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ አይቀላቀል። ቆርኪው ለማባዛትም አይመችም፤ እዚያ ላይ አያስጨንቁት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኔጋቲቭ በኔጋቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ የሚሆነው ለምንድን ነው? «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው» እያልኩ ነው የማልፈው።

መልስ፦ አባባሉ ለማስታወስ ይቀላል፤ ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ስህተት የሚቀልበውም እሱ ነው። በእሱ ፈንታ ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይጻፉ፦

3 × (−4) = −12
2 × (−4) = −8
1 × (−4) = −4
0 × (−4) = 0

«መልሱ በየመስመሩ ምን እየሆነ ነው?» ይበሉ። በ4 እየጨመረ ነው። የሚቀጥለው መስመር (−1) × (−4) ነው፤ ልጆቹ ራሳቸው 4 ይላሉ። ጎበዞቹ «ሥርዓቱ መቀጠሉን በምን እናውቃለን?» ካሉ ይህን ይስጧቸው፦ (−4) × (3 + (−3)) ዜሮ ነው፣ ቅንፉ ውስጥ ያለው ዜሮ ስለሆነ። ሲበተን −12 ሲደመር (−4) × (−3) ይሆናል። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን ሁለተኛው 12 ከመሆን ሌላ አማራጭ የለውም።

ጥያቄ (የ7ኛ ክፍል መምህርት)፦ መጽሐፍት ከዜሮ በታች የሆነ ሙቀት ምሳሌ ያደርጋሉ። የሐዋሳ ልጅ በረዶ ላይ ምን ልምድ አለው? ዱቤ ይሻላል?

መልስ፦ ዱቤ ለመደመርና ለመቀነስ ጥሩ ነው፤ ለማወዳደር ግን ያሳስታል። −9 ከ−2 ያንሳል፣ ልጁ ግን «የ9 ብር ዱቤ ከ2 ብር ይበልጣል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በዱቤ ካስተማሩ ጥያቄው «የማን ዱቤ ይበልጣል?» ሳይሆን «ማን የተሻለ ገንዘብ አለው?» ይሁን።

ለማወዳደር ከፍታ ይበልጣል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ናት፤ የዳሎል ዝቅተኛ ቦታ ወደ −125 ሜትር ይደርሳል። ግድግዳው ላይ ቀጥ ያለ የቁጥር መስመር ያስምሩ፤ 1 ሴንቲሜትር 25 ሜትርን ይወክል። ሐዋሳ ከዜሮ 68 ሴንቲሜትር ወደ ላይ፣ ዳሎል 5 ሴንቲሜትር ወደ ታች ይሆናሉ። ልዩነቱን ሲጠየቁ ብዙዎቹ 1,575 ይላሉ፣ 1,700 − 125 ስለሠሩ። በማስመሪያ ይለኩት፤ 73 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 1,825 ሜትር ነው። 1,700 − (−125) መደመር የሚሆንበትን ምክንያት ማስመሪያው ተናገረ ማለት ነው።

ጥያቄ (ወላጅ፣ ፒያሳ አካባቢ ነጋዴ)፦ ልጄ «20 በመቶ ጨምሮ 20 በመቶ ከቀነሰ ዋጋው እኩል ይመጣል» ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መልስ፦ አይመጣም። 500 ብር 20 በመቶ ሲጨምር 600 ይሆናል። 20 በመቶ ሲቀንስ የሚቀነሰው ከ600 ላይ ነው፤ 120 ብር ይወርዳል፣ 480 ይቀራል። ፐርሰንቱ አንድ ነው፣ መነሻው ግን ተለውጧል። ልጁ የቤት ሥራ ሲሠራ ፐርሰንት ባየ ቁጥር «ከምን ላይ?» ብለው ይጠይቁት። ሌላ ምንም ባይረዱት ይህ ይበቃል።

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል መምህር)፦ «ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር የተከፈለበት ዕቃ ከታክስ በፊት ስንት ነበር?» ሲባሉ ከ1,150 ላይ 15 በመቶ ይቀንሳሉ።

መልስ፦ መነሻው ስለጠፋባቸው ነው። 15 በመቶው የተሰላው ከታክስ በፊት ካለው ዋጋ ላይ እንጂ ከ1,150 ላይ አይደለም። ካሬ ባለው ወረቀት ላይ 20 ካሬ በአንድ ረድፍ ያስምሯቸው፤ ያ የዕቃው ዋጋ፣ 100 በመቶ ነው፣ እያንዳንዱ ካሬ 5 በመቶ። ለታክሱ 3 ካሬ ይጨመራል። ጠቅላላ 23 ካሬ 1,150 ብር ነው። 1,150 ÷ 23 = 50። 20 ካሬ፣ 1,000 ብር።

የተሳሳተውንም እስከ መጨረሻ ያሠሯቸው፦ 1,150 ሲቀነስ 172.50፣ 977.50 ብር። አሁን በዚህ ላይ 15 በመቶ ይጨምሩበት፤ 1,124 ብር ከጥቂት ሳንቲም ይመጣል። ወደ 1,150 አልተመለሰም። ለ1.15 ማካፈልን የሚያስተምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከመጣ ልጁ ምክንያቱን ሳያውቅ ለሁሉም ነገር ያካፍላል።

ያንኑ ሐሳብ በሐዋሳው የአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ መድገም ይቻላል። ከቆሮሶ ዓሣ ክብደት 30 በመቶው ንጹሕ ሥጋ ይወጣል ብንል፣ ከ20 ኪሎ 6 ኪሎ ይገኛል። ጥያቄውን ይገልብጡት፤ 9 ኪሎ ሥጋ ለማግኘት ስንት ኪሎ ዓሣ ይገዛ? 10 ካሬ ይሳል፤ 3ቱ ካሬ 9 ኪሎ፣ አንዱ 3፣ አሥሩ 30 ኪሎ። 9 ላይ 70 በመቶ ጨምሮ 15.3 የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ከሥጋው ላይ ነው ያሰላው፣ ከዓሣው ላይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ቃላቱ ራሳቸው የሚያደናግሩበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ብዙ። «በ» እና «ወደ» ትንንሽ ቃላት ናቸው ተብለው አይናቁ። ከ40 በመቶ «ወደ 50 በመቶ ጨመረ» እና «በ50 በመቶ ጨመረ» የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው 60 በመቶ ያደርሳል። ከ40 ወደ 50 ሲሆን ደግሞ ጭማሪው 10 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ ከመነሻው ከ40 አንጻር ግን 25 በመቶ ነው።

«እጥፍ»ም እንዲሁ። እጥፍ ሆነ ማለት 100 በመቶ ጨመረ ነው። ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት 200 በመቶ ጨመረ፣ 300 አይደለም። በ100 ብር ያሳዩት፤ 300 ብር ሆነ፣ የተጨመረው 200 ነው።

ጥያቄ፦ ካልኩሌተር ሳይነኩ 35 በመቶን እንዴት ያውጡ?

መልስ፦ ከ10 በመቶ ይነሱ። የ240 10 በመቶ 24፤ 30 በመቶ 72፤ 5 በመቶ የ24 ግማሽ 12። ድምር 84።

ጥያቄ፦ 7 በመቶን 0.7 ብለው ይጽፋሉ።

መልስ፦ 0.7 ሰባ በመቶ ነው። ለ5,000 ብር ቁጠባ የዓመት ወለድ 3,500 ብር ሲመጣ ባንኩ የሚዘጋ መሆኑን ይጠይቋቸው። ትክክለኛው 5,000 × 0.07 = 350 ነው። ለሦስት ወር ከሆነ ደግሞ የዓመቱ ሩብ፣ 87.50 ብር፤ ወሩን 3 ዓመት አድርገው 1,050 የሚሉ ስላሉ የጊዜው መለኪያ ይሰመርበት።

ጥያቄ፦ ክፍሌ ውስጥ 65 ተማሪ አለ። ማን እንደገባው እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ ሦስት ምርጫ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ የተሳሳቱት ምርጫዎች የታወቀ ስህተት መልሶች ይሁኑ። ለምሳሌ −3 − 2፦ (1) 5፣ (2) −5፣ (3) −1። ተማሪዎቹ ለ20 ሰከንድ ያስቡ፤ ከዚያ «አሳዩ» ሲባሉ በአንድ ጊዜ መልሱን በጣት ቁጥር ደረታቸው ላይ ያሳዩ። ደረት ላይ የሚሆነው የጎረቤቱን እንዳያይ ነው። 1 ያሳየ የማባዛቱን ሕግ ያለቦታው ተጠቅሟል። 3 ያሳየ −3 + 2 ሠርቷል። 1 ያሳዩት ብዙ ከሆኑ ወደ ቀይና ነጭ ጠመኔ ይመለሱ፤ 3 ያሳዩት ካመዘኑ ቆርኪውን ያውጡ። ጥቂት ብቻ ከሆኑ ግን ክፍሉን አያስቁሙ፤ ሌሎቹ መልመጃ ሲጀምሩ አጠገባቸው ሄደው «አንብብልኝ» ይበሏቸው። ልጁ «ማይነስ ሦስት ማይነስ ሁለት» ብሎ ካነበበ ስህተቱን እዚያው አገኙት።