ጥያቄና መልስ፦ አምስት ኤከር መሬት ቤተሰብ ይመግባል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ እንኖራለን። ጡረታ ስንወጣ አትክልት፣ ድንችና ገብስ እያመረትን፣ ጥቂት ፍየልና ዶሮ እያረባን ራሳችንን ችለን ለመኖር አስበን፣ በኮስቲያ ካውንቲ አምስት ኤከር መሬት በርካሽ አግኝተናል። ከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ስለሚቀራረብ የደጋ እህል ይስማማዋል ብለን ገምተናል። ከመግዛታችን በፊት ምን እናጣራ?

መልስ፦ ውል ሳይፈርሙ መጠየቅዎ በእጅጉ አስደስቶኛል። ስለ ከፍታው ያሉት እውነት ነው፤ የካውንቲው መቀመጫ ሳን ሉዊስ 2,430 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይሁንና አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ካውንቲው የሚገኝበት የሳን ሉዊስ ሸለቆ ወለል የሚደርሰው ከ180 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ውርጭ የማይጥልበት ወቅትም ሦስት ወር ገደማ ነው። ድንችና ገብስ በሸለቆው በሰፊው ይመረታሉ፤ የሚመረቱት ግን በመስኖ ነው።

ስለዚህ ከአፈሩም ከዋጋውም በፊት የውኃ መብቱን ያጣሩ። በኮሎራዶ መሬት የገዛ ሁሉ ውኃውንም ገዛ ማለት አይደለም፤ ቅድሚያው ውኃውን ቀድሞ ለተጠቀመበት ነው። «የሕዝብ ቦይ» የተባለው የሳን ሉዊስ የመስኖ ቦይ የውኃ መብት ከ1852 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና በመሆኑ፣ ከዚያ ወዲህ የመጣ ተራውን ይጠብቃል። ከ35 ኤከር በታች ለሆነ መሬት የሚሰጠው የጉድጓድ ፈቃድ ደግሞ በአብዛኛው ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ውኃ ጓሮም ሆነ ፍየል ማጠጣት አይቻልም። ለእርስዎ ዕቅድ ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው።

የጣራ ውኃ አጠራቅማለሁ ቢሉም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለአንድ መኖሪያ ቤት የሚፈቅደው በድምሩ 416 ሊትር ገደማ የሚይዙ ሁለት በርሜሎችን ነው። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ጓሮ በደረቅ የበጋ ቀን 500 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ሁለቱ በርሜሎች ቢሞሉ እንኳ አንድ ቀን አያደርሱም። ውኃው በመኪና ይመላለስ ከተባለ፣ ለሦስት ወር 45,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህም የአንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ጭኖ 45 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው፤ ያውም ለአንዲት መደብ አትክልት።

ፀሐዩ ብዙ ስለሆነ ለሶላር መብራት አያሳስብም። የመንገዱንና የፍሳሽ ማስወገጃውን ፈቃድ ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ስለሚወርድ፣ ቦታውን በሐምሌ ብቻ አይተው አይወስኑ፤ በጥር ሄደው አካባቢው ቢያድሩ፣ በሚያዝያም ነፋሱን ቢያዩት ይሻላል።

የእኔ ምክር፣ አቅም ከፈቀደ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋርቶ 35 ኤከር መግዛት ነው፤ በዚያ ስፋት የሚሰጠው ፈቃድ በአብዛኛው አንድ ኤከር ጓሮና የቤት እንስሳት ለማጠጣት ያስችላል። አምስቱን ኤከር ካልተውት ግን፣ ቀብድ ሳይከፍሉ የጉድጓዱን ፈቃድ ቁጥር ከሻጩ ይቀበሉና ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ከክፍለ ግዛቱ የውኃ ሀብት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ።