የደም ግንድ ሕዋስ ጥናት፦ ከቤተ ሙከራ ልጀምር ወይስ ከኮምፒውተር?

ውድ ጠያቂያችን፣

የሥነ ሕይወት ተመራቂ እንደሆንሽና ዕድሜ ሲገፋ በደም ግንድ ሕዋሳት (የደም ሕዋሳትን በሚያመነጩት) ላይ የሚበዛውን ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ ማጥናት እንደምትፈልጊ ገልጸሽ፣ ከቤተ ሙከራ ልጀምር ወይስ ከመረጃ ትንተና ብለሽ ጠይቀሻል።

ከትንተናው ጀምሪ። ሆኖም ናሙናው ከክንድ ተቀድቶ ፋይል እስኪሆን ያለፈበትን መንገድ ሳታውቂ አትተንትኚ። የዚህ ሙያ ዋና ፈተና ትንሽ ክሎንን፣ ማለትም ከአንድ ሕዋስ ተባዝተው ያንኑ ሚውቴሽን የያዙ ሕዋሳትን፣ ከስህተት መለየት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ክሎን የሚመዘገበው በተለምዶ ሚውቴሽኑ ከንባቦቹ (ማሽኑ ካነበባቸው የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ቢያንስ 2 በመቶው ላይ ሲገኝ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚነካው ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ 4 በመቶ ሕዋሳት ማለት ነው። ቦታውን 100 ጊዜ ካነበብሽ የምታገኚው 2 ንባብ ነው፤ ከማሽን ስህተት አይለይም። 1,000 ጊዜ ካነበብሽ 20 ይሆናል። ንባብ ማብዛት ብቻውን ግን አይበቃም፤ 10 ናኖግራም ዲኤንኤ የ1,500 ሕዋሳት ያህል ብቻ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ ያንኑ ሞለኪውል ደጋግመሽ ትቆጥሪያለሽ። ከፒሲአር (ዲኤንኤን ከሚያባዛው ዘዴ) በፊት ለየሞለኪውሉ መለያ ኮድ የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው ኤኤስኤክስኤል1 የተባለው ጂን ነው። በውስጡ ጂ የተባለው የዲኤንኤ ፊደል ስምንት ጊዜ የተደረደረበት ቦታ አለ፤ ፒሲአር እዚያ ሲደርስ ይንሸራተትና ዘጠነኛ ጂ ይጨምራል። እውነተኛው ሚውቴሽንም ያው የአንድ ጂ ጭማሪ መሆኑ ነው ክፋቱ። በአንድ ዙር በተነበቡ ብዙ ናሙናዎች ላይ በተመሳሳይ ዝቅተኛ መጠን ከታየ ጠርጥሪ።

ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ከፕሮግራም ቋንቋዎች አር ወይም ፓይተንን፣ ከስታቲስቲክስ ደግሞ ባይኖሚያል ስርጭትን ተማሪ። ከዚያ በነፃ ከሚገኝ መረጃ የአንድን ሰው ንባብ ከሌላ ሰው ንባብ ጋር በ4፣ በ2 እና በ1 በመቶ ቀላቅይ። በጥቂቱ በተቀላቀለው ሰው ላይ ብቻ ያለ ነጠላ ቅጂ ልዩነት 2፣ 1 እና 0.5 በመቶ ሆኖ ይታያል። ዘዴሽ የቱ ጋ እንደሚስተውና ስንት የሐሰት ግኝት እንደሚያመጣ መዝግቢ። ቤተ ሙከራ ስትገቢ የደም መያዣውን ቱቦ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ደም እንዳይረጋ የሚጨመርበት ኢዲቲኤ መሆን አለበት፤ ለዚሁ የሚያገለግለው ሄፓሪን ፒሲአርን ያውካልና።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የምንጠይቅሽ ከውጤቱ ጀርባ ሰው ስላለ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ከሆኑት ከአሥር አንዱ በላይ እንዲህ ያለ ክሎን አለው፤ ወደ ደም ካንሰር የሚያመራው ግን በዓመት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ብቻ ነው። የሐሰት ግኝት አንድን አዛውንት በከንቱ ያስጨንቃል።

ስታመለክቺ የቅልቅሉን ግራፍ ከደብዳቤሽ ጋር አያይዢ፤ የሳትሽባቸውን ነጥቦችም አትደብቂ።