ግንቡን ላስቲክ ያለበስኩ ጊዜ

ልጆቼ፣ በተለይ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ጨርሳችሁ ሥራ ልትጀምሩ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

ተመርቄ ብዙም ሳልቆይ አንድ የድሮ የድንጋይ አጥር እንድጠግን ተሰጠኝ። በጭቃ የተገነባ ነበር። ጭቃ ሳይ ናቅሁት። የተሰነጠቀውን ሁሉ በሲሚንቶ ሞላሁ፣ ፊቱንም በሲሚንቶ ለሰንኩት። እንዴት አምሮ ነበር መሰላችሁ! ሁለት ክረምት እንዳለፈ ተጠራሁ። ልስኑ አብጦ ተገሽልጧል፤ ሲወርድም ድንጋዩን ይዞት ወርዷል። ከላይ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ነበር። አብረውኝ የነበሩት አዛውንት ግንበኛ የረጠበውን ጭቃ በጣታቸው ፈርፈር አደረጉና "ልጄ፣ ግንቡን እኮ ላስቲክ አለበስከው" አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ሐረር በሄድኩ ቁጥር ጀጎልን፣ አሮጌውን ከተማ የከበበውን የድንጋይ ግንብ፣ የማየው እንደ ጎብኚ አይደለም። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር ናቸው ይባላል። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው 4 ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ የአካባቢው፣ ማያያዣው ጭቃ። አዎ፣ ያ የናቅሁት ጭቃ! ሰው ሁሉ በሮቹን ፎቶ ያነሳል፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። አምስቱ የጥንት ናቸው። መኪና የሚገባበት ስድስተኛው በኋላ የተከፈተ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከግንቡ ሥር ያለው ቀዳዳ ነው። ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሉታል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ድሮ በሮቹ ማታ ይዘጋሉ። ጅቡ ግን በዚያ ሾልኮ ይገባል፣ የከተማውን ትርፍራፊ ጠርጎ ይሄዳል። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎርፉ በዚያው ይወጣል። ጠላት ሊከላከሉ ግንብ የሠሩ ሰዎች አስበው ቀዳዳ ተዉለት! ወጣት ሆኜ ባየው፣ እመኑኝ፣ በሲሚንቶ ደፍኜው ነበር።

እና አሮጌ ግንብ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚወጣ ቆማችሁ እዩ። ጫማ ይበላሻል፣ ይበላሽ። የሠፈሩን አሮጌ ግንበኛ ፈልጉና ሻይ ጋብዙት፤ ጭቃውን ከምን እንደሚያቦካው ጠይቁት። ስትጠግኑም በዚያው ጭቃ ጠግኑ። አለቃችሁ "ሲሚንቶ ይሻላል" ካለ ተከራከሩ።

ያቺን አጥር በመሮና በመዶሻ ሲሚንቶዋን ስናላቅቅ፣ ለመለሰን ከወሰደብኝ ጊዜ ሦስት እጥፍ ፈጀብን። አዛውንቱ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ ቦታው ሲመልሱ እኔ ጭቃ አቀብል ነበር።