«የጥምቀት ትምህርቱ ይጠርና ሰው ቶሎ ይግባ» ሲባል ምን ልበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ባለች አንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን አስተምራለሁ። ትምህርቱ 3 ወር ይፈጃል። ዘንድሮ ሽማግሌዎቻችን የአባላት ቁጥር በእጥፍ እንዲያድግ አቅደዋል። ለዚህም የጥምቀት ትምህርቱ ወደ 2 ቅዳሜ እንዲያጥር፣ በስብከት ስለ ኃጢአትና ስለ መስቀል የሚነገረው እንዲቀንስ፣ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ነቢይም ለኮንፈረንስ እንዲጋበዝ ታስቧል። ስቃወም «አንቺ የዕድገት እንቅፋት ነሽ» ተባልኩ። እውነት እንቅፋት ሆኜ ይሆን? ደግሞም ለፋሲካ ይጠመቃሉ የተባሉ ወጣቶች አሉ፤ ትምህርቱን ግን አልጨረሱም። ይጠመቁ ወይስ ይቆዩ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንቺንም ጌታ ይባርክሽ። በድሬ ሙቀት ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሰብስቦ ማስተማር ቀላል አገልግሎት አይደለም። የተባልሽው ነገር እንዳሳዘነሽ ይገባኛል። እንቅፋት አይደለሽም። ሽማግሌዎችሽም ግን ክፉ አሳቢዎች አይደሉም፤ መልሴን ከእነሱ ልጀምር።

ቤተ ክርስቲያን እንድታድግ መፈለግ መልካም ነው። አንዳንዶቻችን «ቁጥር ሥጋዊ ነው፣ ዋናው ጥራት ነው» እንላለን። አባባሉ መንፈሳዊ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወንጌል ላለመመስከር መሸፈኛ ይሆናል። የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ሰው ይቆጥራል። በበዓለ ኀምሳ 3 ሺህ፣ ጥቂት ቆይቶ ወንዶቹ ብቻ 5 ሺህ ያህል። ሽማግሌዎችሽ ስለ ድሬ ሕዝብ መዳን ግድ ብሏቸው ከሆነ ይህን በግልጽ አመስግኚላቸው። አብረሽም ጸልዪ።

ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ዕቅዱ ትምህርት ሲቀነስ ሰው ይጨምራል ብሎ ያምናል። የአንጾኪያን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እስቲ እንደገና አንብቢው። በስደት የተበተኑ ተራ ምእመናን ወንጌል ተናገሩ፤ ብዙ ሰው አመነ። ወሬው ኢየሩሳሌም ደረሰና በርናባስ ተላከ። የእግዚአብሔርን ጸጋ አይቶ ደስ አለው። ከዚያ ምን አደረገ? ጠርሴስ ድረስ ሄዶ ሳውልን ፈለገው፣ ይዞትም መጣ። ሁለቱም አንድ ዓመት ሙሉ ብዙ ሕዝብ አስተማሩ። በርናባስ ሰው ሲበዛ ያየው ጉድለት የአስተማሪ ጉድለት ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ክርስቲያን» የተባሉትም እዚያው አንጾኪያ ነው። ብዙ ሕዝብና ዓመት ሙሉ ትምህርት በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

ሽማግሌዎቹ ግን ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፤ ሳይነሳብሽ አይቀርም። «ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ መንገድ ላይ አጥምቆት የለም እንዴ? የፊልጵስዩስ የእስር ቤት ጠባቂስ በዚያችው ሌሊት ተጠምቆ የለም?» እውነት ነው። መልሱን ማለፍ የለብንም። ጃንደረባው ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄዶ የሚመለስ፣ ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ የሚያነብ ሰው ነበር። ፊልጶስም ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ለእስር ቤቱ ጠባቂም ጳውሎስና ሲላስ ለእርሱና ለቤተ ሰቡ የጌታን ቃል ከነገሯቸው በኋላ ነው ያጠመቁት። ስለዚህ ፍጥነት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሰው ማንን እንዳመነ ሳያውቅ ውኃ ውስጥ መግባቱ ነው ጥፋቱ። በኋላ ከጣዖት አምልኮ የሚመጣው ሰው ሲበዛ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን አካሄዷን አስተካክላለች። ንኡሰ ክርስቲያን የሚባሉት አዲስ አማኞች ከመጠመቃቸው በፊት እስከ 3 ዓመት የሚማሩባቸው ቦታዎች ነበሩ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዘመን እያደገች ነበር።

የድሬን ነገር ደግሞ አስቢ። እዚህ ከተማ ውስጥ የተጠመቀ ወጣት ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጠው ሙስሊም ባልደረባው ነው። አብረው ምሳ ይበላሉ። ወዳጁ አንድ ቀን «ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት?» ወይም «አምላክ እንዴት ይሞታል?» ይለዋል። ሊያፌዝበት ፈልጎ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ማታ ቤት ሲገባ ኦርቶዶክስ እናቱ «ልጄ፣ እኛ ጋ ያጣኸው ምንድን ነው?» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ድሬም ሐረርም በየቀኑ አለ። በ2 ቅዳሜ የተጠመቀው ልጅ ምን ይመልሳል? ወይ ይቆጣል፣ ወይ ያፍራል፣ ወይ የማያውቀውን ይናገራል። በጸሎተ ሃይማኖት ያለውን፣ እሱንና እናቱን አንድ የሚያደርገውን እምነት እንኳ አያውቀውም። ትምህርት የሌለው አማኝ መመስከር አይችልም። መመስከር የማይችል አባል ደግሞ ሌላ ሰው አያመጣም። እኔ የሽማግሌዎቹ ዕቅድ ራሱ በዚህ ምክንያት አይሳካም ባይ ነኝ።

ስለ ኃጢአትና ስለ መስቀል የሚሰበከው ይቀነስ የተባለውን ግን በምንም መንገድ መቀበል አይቻልም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ከሁሉ በፊት ያስረከባቸውን ነገር ሲናገር ክርስቶስ መጽሐፍ እንደሚል ስለ ኃጢአታችን እንደ ሞተ፣ እንደ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ተነሣ ይላል። ይህ ከወጣ የሚቀረን ጥሩ መዝሙር፣ ጥሩ ምክርና ጥሩ ወዳጅነት ነው። እነዚህን ለማግኘት ክርስቶስ መሞት አላስፈለገውም። ጌታ ራሱ በዮሐንስ 6 ከባድ ቃል ሲናገር ከተከተሉት ብዙዎች ወደ ኋላ ተመልሰዋል። ቃሉን ግን አላለዘበላቸውም። የቀሩትን «እናንተ ደግሞ ልትሄዱ ትወዳላችሁን?» አላቸው። ጴጥሮስም «ጌታ ሆይ፥ ወደ ማን እንሄዳለን? አንተ የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ» ብሎ መለሰ።

ይህ ጉዳይ ለኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ጉባኤ አርዮስ ተወገዘ። ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ትምህርቱን በዜማ አድርጎ በተራው ሕዝብ አፍ እንዲገባ ማድረጉ ይነገራል። (የአምልኮ መሪዎቻችሁ የሚመርጡትን መዝሙር ግጥም አንብቡት የምለው ለዚህ ነው፤ ሰው ከስብከት ይልቅ መዝሙር ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።) ከጉባኤው በኋላም አርዮሳውያን የሮምን ቤተ መንግሥት ይዘው ነበር። ወልድ ከአብ ጋር አንድ ባሕርይ ነው ብሎ የቆመው አትናቴዎስ 5 ጊዜ ከመንበሩ ተሰዷል። የኛን አባ ሰላማን፣ ፍሬምናጦስን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ቆንስጣንጢዮስ ወደ ኢዛናና ወንድሙ ሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ይመለስና እሱ በሾመው በአርዮሳዊው ጳጳስ በጊዮርጊስ ይመርመር ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤው በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ሀገራችን ግን በአርዮስ መንገድ አልሄደችም። በዚያን ጊዜ ክርስትና በአክሱም ገና ጀማሪ ነበር፤ የሮምን ንጉሥ ማስደሰት ለዕድገት ይጠቅም ነበር ብሎ የሚያስብ አይጠፋም።

በቅርቡ ዘመንም አይተነዋል። የጣልያን ወረራ በመጣ ጊዜ ሚስዮናውያኑ በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ተቆጠረ። እኛ ጋ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ በደደር፣ እንዲሁም በድሬዳዋ የቆየ ታሪክ ያላት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ ወደ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት። ሕንፃዎቿ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆና ወጣች። በእነዚያ ዓመታት መድረክም ኮንፈረንስም ማይክራፎንም አልነበረም። ጥቂት ጥቂት ሰው በየቤቱ በድብቅ ይሰበሰብ፣ ቃሉን ያጠና፣ ይጸልይ ነበር። ከዚያ አዲሱ ሰው ሌላውን ያስተምራል። ስደትን ተመኙ ማለቴ አይደለም። ያደገው ግን በየቤቱ ሲማር የነበረው ሕዝብ ነው።

ስለ ነቢዩ በአጭሩ ልበልሽ። ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ግን ፈትኑ ተብለናል። ዘዳግም 13 ደግሞ ብዙ ሰው የማያነበውን ነገር ይናገራል፤ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራችሁን ነቢይ አትስሙ ይላል። ስለዚህ «ስልክ ቁጥሬን ነገረኝ፣ የእናቴን ስም ጠራ» ማለት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ሽማግሌዎቹ ከመጋበዛቸው በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ። የሚያገለግልባት ቤተ ክርስቲያን የድጋፍ ደብዳቤ ትሰጠዋለች ወይ? ሲሳሳት የሚገሥጸው ማን ነው? ስለ ክርስቶስ ማንነት ምን ያስተምራል? ሰው ገንዘብ ካልሰጠ በረከት አያገኝም ይላል ወይ? መልሱ ካልጠራ ባይመጣ ይሻላል። የአዳራሹ መሙላት ጥያቄዎቹን አይመልስም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፤ ቅር እንዳይልሽ። 3 ወሩ በሙሉ ምን እንደምታስተምሪ ቁጭ ብለሽ ተመልከቺው። ስንቱ ስለ እግዚአብሔር ሥላሴነት፣ ስለ ክርስቶስ ሰው መሆንና ሞት፣ ስለ ትንሣኤው፣ ስለ ንስሐና እምነት፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ፣ ስለ ጌታ ራት፣ ስለ ዳግም ምጽአት ነው? ስንቱስ ስለ አለባበስ፣ ስለ ፀጉር፣ ስለ መዝሙር ስልት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱ የውስጥ ደንብ ነው? የመጀመሪያው አይነካም። ሁለተኛው ግን ከጥምቀት በኋላ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዱም ጭራሽ ባይነገር አይጎዳም። በዚህ በኩል የሽማግሌዎቹ ቅሬታ ተገቢ ሊሆን ይችላል። የአንድ ሰው ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ባለመገኘቱ ብቻ ጥምቀቱን የምናዘገይ ከሆነ፣ የምንጠብቀው እምነቱን ሳይሆን የስም መጥሪያውን ነው።

ስለዚህ ስትቃወሚ አማራጭ ይዘሽ ግቢ። በፋብሪካ በሺፍት የሚሠራ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት አይመቸውም፤ ለእሱ ማታ ላይ ሌላ ዙር ይኑር። ከገጠር ቀበሌዎች ለሚመጡት በአፋን ኦሮሞ፣ ለሶማሊኛ ተናጋሪዎች በሶማሊኛ የሚያስተምር ሰው ይፈለግ። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ደክመው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ዛሬ በአማርኛ ብቻ ካላስተማርን ማለት ተገቢ አይደለም። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አብሮት ቡና የሚጠጣ፣ ሲጠፋ የሚደውልለት አንድ የበሰለ አማኝ ይመደብ። በየሰፈሩ፣ ከዚራም ሳቢያንም ለገሃርም፣ የቤት ኅብረት ይጠናከር። እንዲህ ሲሆን 3 ወሩ ሳያጥር የሚማረው ሰው ይበዛል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ለሽማግሌዎቹ ስጪያቸው። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ አታውጪው፤ ሰው ካፈረ በኋላ ሐሳቡን መቀየር ይከብደዋል። እነሱም አባቶችሽ ናቸው፣ በአክብሮት ተናገሪ። የመስቀሉ ስብከት ጉዳይ ላይ ግን «አባቶች፣ ይህን ማድረግ አልችልም» ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ያኔ አገልግሎቱን ቢወስዱብሽ እንኳ ጌታ የሚያውቅሽ በአገልግሎት ወንበርሽ አይደለም።

የፋሲካዎቹን ወጣቶች በተመለከተ አንድ ላይ «ይጠመቁ» ወይም «ይቆዩ» አልልሽም። እያንዳንዱን ለብቻ፣ አንድ ሽማግሌ ባለበት አነጋግሪው። ኢየሱስ ማን ነው? ለምን ሞተ? ተነሥቷል ብለህ ታምናለህ? ከምን ንስሐ ገባህ? በራሱ ቃል፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ በእምነት ከመለሰ ለፋሲካ ይጠመቅ፤ የቀረውን ትምህርት በኋላ ይጨርሳል። መልሱ «ነቢዩ ሲጸልይልኝ ሥራ አገኘሁ» ወይም «ጓደኞቼ ስለሚጠመቁ» ከሆነ ይቆይ። ከሙስሊም ቤተ ሰብ የመጣ ካለ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ስጡት። ቤተ ሰቡ ሲሰማ ምን ሊገጥመው እንደሚችል፣ የት እንደሚያድር፣ እናቱን እንዴት እንደሚያከብር አብራችሁት አስቡ። ለሚቆዩት ለማንም «ወድቀሃል» እንዳይባል። የሚቀጥለው ጥምቀት መቼ እንደሆነ ቀኑን ቁረጡና በዚያው ዕለት ንገሯቸው።