ጥያቄና መልስ፦ አንድ ብቻ ተሠርተው የቀሩ የአሜሪካ ቀላል አውሮፕላኖች፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል

ቦይለር፦ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ስትጠይቁ የሞተሩን ዓይነት፣ ዓመቱንና የምዝገባ ቁጥሩን ጻፉ። «አንድ አሮጌ አውሮፕላን በፎቶ አይቼ ነበር» ለሚል መልስ የለኝም።

ማግኔቶ፦ ጋሼ፣ የቤስለር ወንድማማቾች የእንፋሎት አውሮፕላን እውነት በርሯል?

ቦይለር፦ በርሯል። ኤፕሪል 12 ቀን 1933፣ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ፤ አብራሪው ዊልያም ቤስለር ነው። ትራቭል ኤር 2000 ከሚባል ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ ባለ ሁለት ሲሊንደር የእንፋሎት ሞተር ገባበት። እንፋሎቱ መጀመሪያ 3 ኢንች ስፋት ባለው ሲሊንደር ይሠራል፤ ግፊቱ ቀንሶ ሲወጣ ደግሞ 5¼ ኢንቹን ይገፋል። ጉልበቱ 150 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሩ ብቻውን 82 ኪሎ ገደማ ቢሆንም ቦይለሩ (ውሃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚያደርገው) እና ኮንደንሰሩ (እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መልሶ ውሃ የሚያደርገው) ሲጨመሩ ወደ 227 ይደርሳል። 82ን ብቻ ይዛችሁ ከቤንዚን ሞተር ጋር አታወዳድሩ! እኔ የምወድለት አቋቋሙን ነው፦ ጎማው መሬት እንደነካ አብራሪው ሞተሩን ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ይጎትተዋል።

የልደታ ልጅ፦ አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ከፍታው ያደክመው ነበር?

ቦይለር፦ ይህ ነው ጥያቄ። ተራ የቤንዚን ሞተር 2,300 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል፤ የሚስበው አየር ሳስቷልና። የእንፋሎት ሞተር አየር የሚፈልገው ለእሳቱ ብቻ ነው፤ አየሩን የሚነፋለት ማራገቢያ በቂ እስከሆነ ድረስ የቦይለሩ ግፊት አይወርድም። ፕሮፔለሩ ግን በሳሳ አየር የሚይዘው ያንሳል፤ ኮንደንሰሩም እንዲሁ። ሁለተኛ አውሮፕላን ያልተሠራበትን ምክንያት የማየው እዚህ ላይ ነው። የቤንዚን ሞተር ብዙ ሙቀቱን በጭስ ማውጫው ይተፋል። እንፋሎት ግን ወደ ሥራ ያልተለወጠው ሙቀቱ በሙሉ ማለት ይቻላል በኮንደንሰሩ በኩል መውጣት አለበት፤ ስለዚህ ኮንደንሰሩ ከራዲያተር እጅግ የሰፋ ይሆናል፣ ነፋስም ይይዛል። ካልቻለ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ያመልጣል፣ ውሃው ያልቃል። ሠሪዎቹ 10 ጋሎን (38 ሊትር ገደማ) ለ640 ኪሎ ሜትር ይበቃል ያሉት እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ከሆነ ብቻ ነው።

ማግኔቶ፦ በአነስተኛ መጠን እቤት ልሠራ አስቤ ነበር።

ቦይለር፦ የቤስለር ቦይለር ግፊት በስኩዌር ኢንች 1,200 ፓውንድ ገደማ ነበር። ከመጽሔት ሥዕል ተነስተህ አትሥራ። የሲሊንደር ዘይት ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ውሃው ይመለሳል፤ የቱቦውን ውስጥ ይለብሳል፣ ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ያቅተዋል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል። የቧንቧ ውሃ ጨውም ያው ነው። ዘይት መለያ ከሌለህና የተጣራ ውሃ ካልተጠቀምክ አትጀምር።

ጭራ ጎማ፦ ስለ አሮጌ አውሮፕላኖች ቢያብራሩልን?

ቦይለር፦ የትኛው? ዓመት፣ ሞተር፣ ቁጥር።

ጭራ ጎማ፦ እሺ፣ ደብሊው-1፣ 1934።

ቦይለር፦ መሐንዲሱ ፍሬድ ዊክና የላንግሊ (የአሜሪካ መንግሥት የበረራ ምርምር ላቦራቶሪ) ባልደረቦቹ በትርፍ ሰዓታቸው የሠሩት ነው። ፕሮፔለሩ ከኋላ፣ ሦስተኛው ጎማ ከፊት። ኤርኩፕ የሚባለው ቀላል አውሮፕላን የመጣው ከዚያ ነው።

የልደታ ልጅ፦ ስለ አንድያ አውሮፕላን ከተነሳ የኛዋ ፀሐይም አለች።

ክንፈ ድርብ፦ እሷማ የእንግሊዙ ቀላል አውሮፕላን የጂፕሲ ሞዝ ቅጂ ናት ይባላል።

የልደታ ልጅ፦ ሞተሯን እይ! ጂፕሲ ሞዝ አራት ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ ናቸው፤ የፀሐይ ሞተር ዋልተር ቬነስ ግን ሰባቱ ዙሪያውን ነው።

ክንፈ ድርብ፦ ሞተር ተለወጠ ማለት ክንፉ አልተቀዳም ማለት አይደለም።

ቦይለር፦ ሉድቪግ ቬበር 1935 አዲስ አበባ ላይ ሠራት፤ ጣሊያን ወሰዳት፤ ጃንዋሪ 2024 ተመለሰች። መመለሷ ደስ ብሎኛል፤ ግን አሜሪካዊት አይደለችም። የራሷን ርዕስ ክፈቱላት።

ጭራ ጎማ፦ የእንፋሎቱ በእውነት በርሯል እንዴ?

ቦይለር፦ ከላይ ተመልሷል። አንብብ።

ማግኔቶ፦ ክንፉ ላይ «ኤንኤክስ» የሚለውስ?

ቦይለር፦ «ኤን» አሜሪካ፣ «ኤክስ» ለሙከራ። «ኤንሲ» ከሆነ ዓይነቱ የንግድ ፈቃድ አግኝቷል። ፎቶ ስትልኩ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።