የቤት ኢንተርኔትና የዲሽ ክፍያ፦ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች ጥያቄዎችና መልሶች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በገላን የሚኖሩ የማኅበራችን አባላት የላኳቸው ናቸው። በኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና ሥራ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለቆየሁ መልስ እንድሰጥ ተጠይቄያለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አጣምሬያለሁ፤ ታሪፍ በየጊዜው ስለሚለዋወጥም የየኩባንያውን ዋጋ በብር ከመጥቀስ ተቆጥቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር የሚኖረው ልጄ የኢንተርኔት ዋጋ ሲጨምሩበት ደውሎ «ልተወው ነው» ሲላቸው ወዲያው እንደቀነሱለት አጫወተኝ። እኔም ቅርንጫፉ ሄጄ ብሞክረው የሚሳካ ይመስልሃል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚሳካ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ክርክር የሚሠራው ሁለትና ሦስት ኩባንያዎች እስከ አንድ ቤት ድረስ የየራሳቸውን መስመር በዘረጉበት፣ የስልክ ሠራተኞቻቸውም ደንበኛ እንዳያመልጥ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን በተሰጣቸው አገር ነው። እኛ ጋ ታሪፉ ይፋ የወጣና ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ብትፈልግ እንኳ አንድ ብር ልትቀንስልዎ አትችልም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብቻውን የቆየ ሲሆን፣ ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ያገኘው በ2013፣ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ በመስከረም 2015 ነው። ፉክክሩም በአብዛኛው ያለው በሞባይል መረብ ላይ እንጂ እስከ ሳሎንዎ በሚገባው ሽቦና ፋይበር (ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣ ቀጭን የመስታወት ገመድ) ላይ አይደለም። ዋጋ ሲቀንስም ለሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚቀንሰው፤ በነሐሴ 2010 ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ታሪፉን በ43 በመቶ ዝቅ ሲያደርግ መስኮት ላይ ቆሞ የተሟገተ ደንበኛ አልነበረም።

ስለዚህ መቀነስ የሚችሉት የሚገዙትን መጠን ነው። ጥራቱ ከፍ ያለ አንድ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል። አንድ ቴሌቪዥንና ሁለት ስልክ ያለው ቤት 10 ሜጋ ቢበቃው ነው፤ እኔ በየቤቱ ስዞር ግን ሁለት ጡረተኞች ብቻ የሚኖሩበት ቤት ለ25 ሜጋ ሲከፍል አገኛለሁ። ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ለመዛወር ማመልከት ደንበኛ ሊጠይቀው የሚችል ተራ ጉዳይ ነው፤ ቁጠባውም በየወሩ ይደጋገማል።

ጥያቄ፦ ውላችን 10 ሜጋ ይላል። ፋይል ስናወርድ ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው 1 ነጥብ ምናምን ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ይህ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ክፍል ማጭበርበር አይደለም። ኩባንያዎች ፍጥነትን የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ማለት ነው፤ የምታዩት ቁጥር ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ የከፈላችሁበትን እያገኛችሁ ነው።

የማታው መውረድ ግን መመርመር አለበት፤ ምርመራውም ከራሳችሁ ቤት ይጀምራል። አብዛኛው ሰው ፍጥነት የሚለካው መኝታ ቤት ተኝቶ በስልኩ ዋይፋይ ነው። በኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉት ቤቶች ራውተሮች ሁሉ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ይጋፋሉ፤ በዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ ምሽት ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ ይገባል። ራውተራችሁ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ከሆነ ለቴሌቪዥኑ እሱን ተጠቀሙ፤ ፈጣን ነው፣ ከአንድ ግድግዳ በላይ ግን አይደፍርም። ትክክለኛው መለኪያ ላፕቶፕን በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ሌላውን ሁሉ ከዋይፋይ አስወጥቶ፣ ጠዋት፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይና ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስፒድ ቴስት መሥራትና የእያንዳንዱን ውጤት ፎቶ ከነሰዓቱ ማስቀመጥ ነው። በገመድ ተለክቶም ምሽት ላይ ከውሉ እጅግ ካነሰ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ፋይበር ከኩባንያው ጣቢያ እስከ ቤት ለብቻው የሚመጣ ሳይሆን አንዱ መስመር ስፕሊተር በሚባል ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት የሚከፋፈል ነው፤ የጋራው አቅም በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት ገደማ በመሆኑ እዚያ ላይ መጨናነቅ ብዙም አይጠበቅም፤ የሚጨናነቀው ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ያለው መስመር ነው። እሱን ማስፋት የኩባንያው ሥራ ስለሆነ ፎቶዎቹን ይዛችሁ የምትሄዱት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔታችን ድንገት ሲጠፋ በደወልን ቁጥር «ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት» ይሉናል። እስከ መቼ ነው የምናጠፋው የምናበራው?

መልስ፦ መብራቶቹን ማንበብ ከቻላችሁ ይህን ክርክር በአንድ ዓረፍተ ነገር ትዘጉታላችሁ። ፋይበሩ የሚገባበት ሳጥን ፊት ላይ ከሚታዩት ትናንሽ መብራቶች መካከል «ፖን» (PON) የሚባለው አረንጓዴ ሆኖ ሳይርገበገብ ከቆመ መስመሩ ከጣቢያው ጋር ተገናኝቷል፤ ችግሩ ወይ ዋይፋዩ ላይ ወይ ክፍያው ላይ ነው። «ኤል ኦ ኤስ» (LOS) የሚባለው መብራት በቀይ የሚርገበገብ ከሆነ ግን ብርሃኑ ከቤታችሁ አልደረሰም፤ ሳጥኑን መቶ ጊዜ ብታጠፉት ለውጥ የለውም። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ከግድግዳው እስከ ሳጥኑ ያለውን ቀጭን ገመድ ተመልከቱ፦ ሶፋ ተጭኖት፣ በር ቆርጥሞት ወይም አንድ ሰው ለማሳጠር ሲል በሚስማር ዙሪያ ጠምዝዞት ሊሆን ይችላል። ፋይበር እንደ መብራት ሽቦ አይታጠፍም፤ ጠባብ ሆኖ ሲታጠፍ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ያፈተልካል። አረንጓዴዋን ሶኬት ነቅሎ ጫፏን በጣት መነካካትም ጉዳት አለው።

ገመዱ ደህና ከሆነ ደውሉና «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው፣ የውስጡን ገመድ አይቻለሁ» በሉ። ጎረቤታችሁም ቀይ ከሆነበት ይህንኑ ጨምሩ፤ አንድ ብሎክ ሙሉ ከጠፋ የተቆረጠው ዋናው ገመድ ነውና፣ በየመንገድ ቁፋሮው የሚደርሰው ይኸው ነው። ከሁሉም በላይ የብልሽቱ መዝገብ ቁጥር ሳይሰጣችሁ ስልኩን አትዝጉ።

ጥያቄ፦ ፋይበር ተቆርጦ ለብዙ ቀናት ያለ አገልግሎት ቆይተን ሙሉውን ወር አስከፈሉን። ገንዘባችንን የመጠየቅ መብት አለን? አቤቱታስ ወዴት ነው?

መልስ፦ መጠየቅስ ትችላላችሁ፤ ዋናው አጠያየቁ ነው። በስልክ መቆጣት የትም አይመዘገብም። በአንድ ገጽ ማመልከቻ የአገልግሎት ቁጥራችሁን፣ የብልሽት መዝገብ ቁጥሩን፣ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ቀን ጽፋችሁ፣ ሒሳቡንም ራሳችሁ ሠርታችሁ አቅርቡ። ለምሳሌ ወርሃዊው ክፍያ 900 ብር ቢሆንና ለ10 ቀን ቢቋረጥ የምትጠይቁት 300 ብር ከሚቀጥለው ወር እንዲቀነስ ነው። የውሉን የአገልግሎት መቋረጥ አንቀጽ አንብባችሁ ቁጥሩን ብትጠቅሱ ይበልጥ ይጠነክራል። ግልባጩ ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተምና ቀን አስመትታችሁ ያዙ።

በተገቢው ጊዜ መልስ ካልተሰጣችሁ ወይም መልሱ ካላረካችሁ የሚቀጥለው ደረጃ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ ለኩባንያው ማመልከታችሁን የሚያሳየው ያ ማኅተም የተመታበት ግልባጭ የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። አሥር ቤት በአንድ ብልሽት ከተጎዳ አሥር የተለያየ አቤቱታ ከማስገባት ይልቅ በማኅበሩ ስም፣ የሁሉም የአገልግሎት ቁጥር ተዘርዝሮ፣ አንድ አቤቱታ ቢገባ ክብደት ይኖረዋል።

ጥያቄ፦ ጥገና የመጣ ልጅ «ቶሎ እንዲያልቅላችሁ» ብሎ ገንዘብ ጠየቀን።

መልስ፦ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አትክፈሉ፤ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት መዝግባችሁ በመዝገብ ቁጥሩ ላይ አሳውቁ።

ጥያቄ፦ እኛ ገላን በኩል ፋይበር አልገባልንም። ባለ ሲም ካርድ የቤት ራውተር እንግዛ ወይስ የቆየውን የስልክ መስመር እናስቀጥል?

መልስ፦ በመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት ከጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ክረምት ላይ ደግሞ መገጣጠሚያው ውኃ ሲገባበት ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ከከተማ ጠርዝ ላለ ቤት ባለ ሲም ካርዱ የ4ጂ ራውተር ይሻላል። ነገር ግን ራውተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የዚያኑ ኩባንያ ሲም ካርድ ስልክ ውስጥ አድርጋችሁ፣ ራውተሩን ልታስቀምጡበት ባሰባችሁት መስኮት ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ፍጥነቱን ለኩ። ቀን ላይ የሚለካ ፍጥነት ያታልላል። «ገደብ የሌለው» በሚባለው ጥቅል ላይም ከተወሰነ ጊጋ ባይት በኋላ ፍጥነቱ እንደሚቀንስ ወይም እንደማይቀንስ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ ፋይበር አስገብቶ ለስድስት ቤት በወር እያስከፈለ ዋይፋይ ያካፍላል። ርካሽ ስለሆነ ልግባበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ርካሽነቱ አይካድም፤ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መሸጥ ግን ሕገ ወጥ ነው፤ በመስመሩ ለተሠራው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠየቀውም በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። ለአንቺም ቢሆን ሲበላሽ የምትደውዪበት፣ ሲቋረጥ የምታመለክችበት ውል የለሽም። 20 ሜጋ ለሰባት ቤት ሲካፈል ምሽት ላይ ምን እንደሚቀር ደግሞ አንቺው አስዪው።

ጥያቄ፦ የዲኤስቲቪ ክፍያ በየጊዜው ይጨምራል። ከፍለንም አንዳንዴ «ኢ16» የሚል ጽሑፍ ከስክሪኑ አይጠፋም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ በእኛ ከተማ ኬብል ቲቪ እያልን የምንጠራው በእርግጥ በሳተላይት የሚመጣ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነውም የሽቦ ዝርጋታ ሳይሆን የስርጭት መብት ነው። የእግር ኳስ ሊጎች መብት የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ካለፈ በኋላ የደንበኛው ክፍያ ባለበት ሊቆይ አይችልም ነበር። በዚህም ላይ የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ቢሆንም ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፓኬጅ ላይ መቆየት ግዴታ አይደለም። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከነሐሴ እስከ ግንቦት ነው፤ ቤቱ ዲኤስቲቪ የሚያስገባው ለኳስ ብቻ ከሆነ በሰኔና በሐምሌ እንደ ጎጆ ወዳለ ዝቅተኛ ፓኬጅ መውረድ ወይም ጭራሽ አለመክፈል ይቻላል።

«ኢ16» ማለት ዲኮደሩ የክፍያ ፈቃድ አልደረሰውም ማለት ነው። ፈቃዱ የሚመጣው በሳተላይቱ በኩል ስለሆነ ዲኮደሩ ጠፍቶ ሳለ ከተከፈለ ትእዛዙ ሊያልፈው ይችላል። ዲኮደሩን አብርታችሁ አንድ ቻናል ላይ ካቆማችሁ በኋላ ክፈሉ፤ ካልተከፈተም ፈቃዱ እንደገና እንዲላክላችሁ ጠይቁ። «ኢ48» ከሆነ ግን ከክፍያ ጋር አይገናኝም፤ ምልክቱ ከዲሹ እየመጣ አይደለም፤ ከባድ ዝናብ ከሆነ ጠብቁ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከቀጠለ ዲሹ ተነቃንቋል።

ጥያቄ፦ እኔ የምፈልገው የአገር ውስጥ ቻናሎችን ብቻ ነው፤ በየወሩ መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም እናታችን። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በኢትዮሳት፣ ማለትም በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው ሳተላይት በነፃ ይገኛሉ፤ ዲሽና ተራ ሪሲቨር አንዴ ከገዙ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ናይልሳት ለሚባለው ሌላ ሳተላይት የሚተከለው ዲሽ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ስለሚያይ ፊት ለፊቱ ያለ ብሎክ ይጋርደዋል፤ የኢትዮሳቱ ግን ከእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ሆኖ ከፍ ብሎ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ሕንፃዎች ተጠጋግተው በተሠሩበት ግቢም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም ይጠፋል። ለዚህ ጄኔሬተር ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። በመንገድ ላይ ያለው ስፕሊተር ያለ መብራት ይሠራልና ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ የሚያስፈልገው የቤትዎን ሳጥን ማብራት ብቻ ነው። አብዛኞቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለራውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ (ባለ ባትሪ የኃይል መጠባበቂያ) ይበቃል፤ ከመግዛትዎ በፊት ግን በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር አይተው ይግዙ።

ጥያቄ፦ ቤት ልንቀይር ነው። መስመሩን ዝም ብለን ትተን ብንሄድስ?

መልስ፦ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ድህረ ክፍያ ከሆነ ሒሳቡ በስማችሁ መቆጠሩን ይቀጥላል፤ አዲስ ቤት መስመር ልታስገቡ ስትጠይቁም መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ያ ውዝፍ ነው። የምትሄዱበት አካባቢ ፋይበር ካለ የዝውውር ማመልከቻ፣ ከሌለ የማቋረጫ ማመልከቻ አስገቡ፤ ሳጥኑ የኩባንያው ንብረት ከሆነም ከነአዳፕተሩ መልሱና የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ተቀበሉ። ተከራይ ከሆናችሁና መስመሩ በአከራዩ ስም ከሆነ ደግሞ የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ ለአከራዩ አስረክባችሁ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ።